የምንጩ ባለቤትና የጠርሙሱ ባለቤት

በአገራችን የገጠር መንገዶች የተጓዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጥሪ አለ። ሕፃናት ከመኪና ጎን እየሮጡ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። የሚጠይቁት ውሃውን አይደለም፤ ባዶውን ጠርሙስ ነው። ቃሉ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ግድም በገበያ የገነነ የአንድ የታሸገ ውሃ የንግድ ምልክት ነበር። ዛሬ ግን የማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ ሆኗል። ቃሉ የውጭ ቋንቋ ሲሆን ፍቺው «ደጋ» ማለት ነው። ደጋ የውሃ መፍለቂያ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስሙ ግን በደጋው ልጅ አፍ የሚጠራው ውሃው ካለቀ በኋላ ለሚቀረው ባዶ ዕቃ ሆኗል። በምንጭና በጠርሙስ መካከል የተፈጠረውን ግንኙነት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ፍለጋ መሄድ አያሻም።

የታሸገ ውሃ ኢንዱስትሪን ዕድገትና በአካባቢ ላይ የሚያስከትለውን ጫና ለመመርመር የባሌን ደጋ፣ በተለይም ሮቤንና ጎባን መነሻ ማድረጋችን ያለምክንያት አይደለም። በአንድ ወገን አገር የሚያጠጣ ተራራ፣ በሌላ ወገን በንጹሕ ውሃ እጦት የሚታመም ሕዝብ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ከሩቅ በጭነት መኪና የሚመጣ የታሸገ ውሃ ጎን ለጎን የሚታዩበት ሥፍራ በመሆኑ ነው። ስለሆነም ጥያቄዎቹ በግልጽ ሊቀመጡ ይገባል። ውሃው የማን ነው? ቅድሚያ ሊጠጣ የሚገባው ማን ነው? ጠርሙሱ ባዶ ሲሆንስ ሸክሙን የሚሸከመው ማን ነው?

ተራራው ውሃን እንዴት ይሰጣል?

የባሌ ተራሮች የውሃ ማማ መባላቸው ለውዳሴ ብቻ የተነገረ አይደለም። ከጎባ በስተደቡብ የሚዘረጋው የሳነቴ አምባ አብዛኛው ክፍል ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ከፍታ የሚወርደው ዝናብ በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ አይሄድም። በአምባው ላይ ያሉ ረግረጎችና ትናንሽ ሐይቆች ይይዙታል፤ ጅብራውና ሣሩ ያዘገዩታል፤ የአስታው ቁጥቋጦ ጉሙን ሳይቀር ይጠብቃል፤ ከደቡቡ ተዳፋት ሥር የሚገኘው የሐረና ደን ደግሞ አፈሩን አቅፎ ውሃው ወደ ከርሰ ምድር እንዲሰርግ ያደርጋል። በበጋ ወራት ከተራራው ግርጌ የሚፈልቀው ምንጭ በዚህ አኳኋን በክረምት የተጠራቀመ ሀብት ነው።

ከዚሁ ከፍታ ዌይብ፣ ወልመልና ዱማል ይነሣሉ፤ ዋቢ ሸበሌና ገናሌም ከዚሁ ይመገባሉ። ዌይብ በሶፍ ዑመር ዋሻ ሥር አልፎ ወደ ቆላው ይወርድና ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ ወደ ሶማሊያ ይሻገራል። በእነዚህ ወንዞች የሚተዳደረው ሕዝብ በኢትዮጵያና በጎረቤት አገሮች ቆላማ ክፍሎች ወደ 12 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ይገመታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው የባሌ፣ የቦረናና የሶማሌ ቆላ በድርቅ በተመታ ጊዜ የከብት እልቂት የደረሰበት አርብቶ አደር፣ የተራራው ውሃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በማንም አልተነገረውም፤ በራሱ ኑሮ ያውቀዋል።

የባሌ አርሲ ኦሮሞ አርብቶ አደር ማዕድን አዘል ምንጭን ሆራ ይለዋል። ከብቱን በየወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ እየነዳ ሆራ ማጠጣት ከጥንት የወረሰው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ሆራ የወል ነው፤ ተራና ቅደም ተከተል አለው እንጂ በአንድ ሰው ኪስ የሚገባ ንብረት አይደለም። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። ውሃ በፋብሪካ አይመረትም። የሚያመርተው ተራራው፣ ደኑና ረግረጉ ነው፤ እነዚህም እንዳይጠፉ ግጦሹንና ምሣሩን የሚገታ ሕዝብ ነው። የታሸገ ውሃ ኢንዱስትሪ የሚያመርተው ጠርሙሱን፣ ክዳኑንና ጽሑፉን ነው።

ቅራኔው የሚገለጥበት ሥፍራ

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ በባሌ ዞን በሐረና ቡሉቅ ወረዳ የኮሌራ ወረርሽኝ ተቀሰቀሰ። ወረርሽኙም ከዚያ ተነሥቶ በሌሎች አካባቢዎች ተስፋፋ። ይህ ወረዳ የሚገኘው በበረሃ መካከል አይደለም፤ ሚሊዮኖችን ከሚያጠጣው ተራራ ሥር፣ ከታላቁ ደን አጠገብ ነው። ኮሌራ የድህነት በሽታ ነው፤ ይልቁንም ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ የማጣት በሽታ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ብሂል ለባሌ ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል፤ ከውሃ ማማው ሥር የሚኖር ሰው በውሃ ምክንያት ይሞታል።

በዓለም የጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ የጋራ ክትትል መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ቢያንስ መሠረታዊ የመጠጥ ውሃ አገልግሎት የሚያገኘው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ነበር። ደኅንነቱ በተሟላ ሁኔታ የተጠበቀ ውሃ የሚያገኘው ደግሞ ከመቶው 13 ያህሉ ብቻ ነበር። የታሸገ ውሃ ገበያ የተስፋፋው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ጉዳይ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት የዓለም የታሸገ ውሃ ገበያ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 በ73 በመቶ አድጓል። በዓመት የሚጠጣው መጠን 350 ቢሊዮን ሊትር ያህል ደርሷል፤ ይህም በዓመት 600 ቢሊዮን ገደማ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ 25 ሚሊዮን ቶን ያህል ቆሻሻ ያስከትላል። የጥናቱ ዋና ማስጠንቀቂያ ግን ከቁጥሩም በላይ ነው። በታዳጊ አገሮች የታሸገ ውሃ መስፋፋት የሕዝብ ውሃ አገልግሎትን ድክመት የሚሸፍን መጋረጃ ሆኖ ያገለግላል፤ ድክመቱን አያስወግድም።

መጋረጃው እንዴት እንደሚሠራ በጥሞና ልንመረምረው ይገባል። በአንድ ከተማ ቧንቧው ሲቋረጥ ነጋዴው፣ የሆቴሉ ባለቤት፣ የቢሮው ኃላፊ በካርቶን የታሸገ ውሃ ያስገዛሉ። ከወረፋው ይወጣሉ። ለቧንቧው መጠገን ድምፅ ሊያሰሙ፣ ባለሥልጣን ሊጠይቁ፣ በጀት ሊያስመድቡ የሚችሉት ሰዎች ከወረፋው በወጡ ቁጥር፣ በወረፋው ላይ የሚቀሩት ጄሪካን የተሸከሙ እናቶችና ሕፃናት ብቻ ይሆናሉ። አንድ ሊትር የታሸገ ውሃ በሚገዛበት ገንዘብ በብዙ ከተሞች የቧንቧ ታሪፍ በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ውሃ ይገዛል። ስለዚህ የታሸገ ውሃ ለችግሩ መፍትሔ ሳይሆን ከችግሩ በግል ማምለጫ ነው። ማምለጫውም ለሁሉም የተከፈተ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕጉ በዚህ ረገድ አያሻማም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደንግጓል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን አረጋግጦ፣ ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዛል። ይህም ማለት አንድ ባለሀብት ፈቃድ አግኝቶ ጉድጓድ ቢያስቆፍር የሚያገኘው የመጠቀም መብት ነው እንጂ የውሃው ባለቤትነት አይደለም።

የታሸገ ውሃ ታሪክ በአገራችን አጭር አይደለም። የአምቦ ማዕድን ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ይታሸጋል፤ በደርግ ዘመን የመንግሥት ንብረት ሆኖ ቆይቶ ኋላ ከውጭ ባለሀብት ጋር በተደረገ ሽርክና ወደ ግል ተዛውሯል። ይሁን እንጂ ላለፉት ሁለት ዐሥርተ ዓመታት የተስፋፋው ኢንዱስትሪ ከአምቦ በመሠረቱ የተለየ ነው። አምቦ ማዕድን አዘል ውሃን በሚመለስ የመስታወት ጠርሙስ ሲያቀርብ የኖረ ነው። አዲሶቹ ፋብሪካዎች በብዛት ተራውን የከርሰ ምድር ውሃ አጣርተው በማይመለስ ፕላስቲክ ያቀርባሉ። ብዙዎቹም ለአዲስ አበባ ገበያ ቅርብ በሆኑ ደጋማ ቦታዎች፣ በሱሉልታ፣ በሆለታና በሰበታ ተከማችተዋል። ከሱሉልታ ነዋሪዎች ለዓመታት የተሰማው ቅሬታ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ከደጃችን ውሃ ተጭኖ ይሄዳል፣ እኛ ግን ውሃ ፍለጋ እንሄዳለን የሚል ነው። ለባሌ ደጋ ይህ ሊማርበት የሚገባ ልምድ ነው። መንገዱ በተሻሻለ፣ ከተሞቹ ባደጉ ቁጥር የባሌ ምንጮች የባለሀብትን ዓይን መሳባቸው አይቀርምና።

ስሌቱ

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች አሉ። አንደኛው ፋብሪካው ወንዙን ሁሉ ጠጥቶ ይጨርሳል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚወስደው ከቁጥር የማይገባ ነውና አያሳስብም የሚል ነው። ሁለቱም ተጨባጩን ሁኔታ አያዩም።

አስልተን እንየው። በሰዓት 10,000 የአንድ ሊትር ጠርሙስ የሚሞላ አንድ መስመር በሴኮንድ ሦስት ሊትር የማይሞላ ውሃ ያስፈልገዋል። ከዌይብ ወይም ከዋቢ ሸበሌ ፍሰት ጋር ሲነጻጸር ይህ ኢምንት ነው፤ ከመስኖም ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ይኸው መስመር ቀንና ሌሊት ቢሠራ በቀን 240,000 ሊትር ይወስዳል። ለማጠቢያና ለማጽጃ የሚፈሰው ሲታከልበት ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ለገጠር ነዋሪ በአገር አቀፍ ዕቅድ የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው። በዚህ ሒሳብ የአንዱ መስመር ውሃ ለ9,600 ሰዎች ይበቃ ነበር። ስለዚህ በወንዝ ሚዛን ኢምንት የሆነው በአንድ ምንጭ ሚዛን የአንድ ከተማ ሠፈር ሕይወት ነው። ጥያቄው ምን ያህል ተወሰደ የሚል ብቻ ሳይሆን ከየት፣ በየትኛው ወር፣ ማን ሳይጠጣ ተወሰደ የሚል ነው።

በሕንድ አገር በኬረላ ክፍለ ግዛት ፕላቺማዳ በተባለች መንደር የሆነው ይህንኑ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 በዚያ የተከፈተ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ከመንደሩ ነዋሪዎች በተለይም ከሴቶች በተነሣ ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ አቁሟል። የነዋሪዎቹ ክርክር የጉድጓዶቻችን ውሃ ራቀ፣ ጣዕሙም ተለወጠ የሚል ነበር። ክርክሩ ስለ አገሪቱ ጠቅላላ የውሃ ሀብት ሳይሆን በእጃቸው ስላለው ጉድጓድ ነበር።

የጠርሙሱ ጉዞ

የውሃው ጉዳይ ከምንጭ ሲጀምር የጠርሙሱ ጉዳይ ከወደብ ይጀምራል። ጠርሙሱ የሚሠራበት ፔት የተባለው ፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚገኝ በመሆኑ አገራችን በውጭ ምንዛሪ ታስገባዋለች። በዶላር የተገዛው ፕላስቲክ በሙቀትና በአየር ግፊት ተነፍቶ ጠርሙስ ይሆናል፤ ውሃ ይሞላበታል፤ በነዳጅ በሚሄድ መኪና ከአዲስ አበባ ዙሪያ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሮቤ ይደርሳል። በውሃ ማማው ላይ ለሚኖር ሰው ከሌላ ደጋ የተቀዳ ውሃ ይሸጣል። የዚህ ጉዞ ማብቂያ አንድ ጉንጭ ውሃ ሲሆን፣ የተረፈው ፕላስቲክ ግን ለመቶዎች ዓመታት የሚኖር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ባዶ ጠርሙስ ዋጋ አለው። ቆራሌው ይሰበስበዋል፤ ፈጭተው ወደ ውጭ የሚልኩ ድርጅቶችም ይገዙታል። በሮቤና በጎባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአንድ ሊትር ጠርሙስ ክብደት ከ20 እስከ 30 ግራም ቢሆን፣ አንድ ሺህ ጠርሙስ የለቀመ ሰው ከ30 ኪሎ የማይበልጥ ፕላስቲክ ይኖረዋል። ይህም ሳይጨመቅ መኪና የሚያጣብብ፣ ሲመዘን ግን ቀላል የሆነ ጭነት ነው። እስከ መዲናው ለማድረስ የሚከፈለው የማጓጓዣ ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ ጠርሙሱ ሕይወቱ እስኪያልቅ በየቤቱ ዘይት፣ ጋዝ፣ ወተትና ማር ይያዝበታል። ይህም ሕዝቡ ዕቃ የማያባክን መሆኑን የሚያሳይ መልካም ልምድ ነው። በመጨረሻ ግን ወይ በደጅ ይቃጠላል፣ ወይ በቦይ ይጣላል።

የሮቤ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ውሃ ይቋጥራል። ቦይ በፕላስቲክ ሲደፈን ጎርፉ ወደ መንደር ይገባል። ከቦዩ ያመለጠው ደግሞ ከጎባ በቶጎና፣ ከሮቤ በሻያ በኩል ወደ ዌይብ ይወርዳል፤ ዌይብም ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ ይወስደዋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥም ቢሆን፣ በሳነቴ አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ዳር ከመኪና መስኮት የሚወረወር ጠርሙስ በዚያ ብርድ ሳይበሰብስ ይኖራል።

ሕጋችን በፕላስቲክ ላይ ዝም አላለም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ከልክሏል፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅም በፌስታል ላይ የተጣለውን ክልከላ አጥብቋል። ይህ እርምጃ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን ፌስታል የሚይዘውን ሸማች የሚቆጣጠር እጅ፣ ጠርሙስ የሚያመርተውንም ሊደርስበት ይገባል።

ምን መደረግ አለበት?

እኛ የታሸገ ውሃ ይዘጋ አንልም። ፋብሪካው ሥራ ይፈጥራል፣ ግብር ይከፍላል፤ ወረርሽኝ በገባበት ቦታ ንጹሕ ውሃ በፍጥነት ለማድረስም ይጠቅማል። ክርክራችን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ የሕጉ ቅድሚያ በፈቃዱ ወረቀት ላይ በቁጥር መጻፍ አለበት። በባሌ ደጋ ውሃ ለማሸግ ፈቃድ የሚጠይቅ ባለሀብት፣ በዚያው ምንጭ የሚገለገለው ሕዝብ በበጋ ወራት ለአንድ ሰው የተመደበው ሊትር እንደሚደርሰው አስቀድሞ መረጋገጥ ይኖርበታል። የምንጩ ፍሰት በዓመቱ ዝቅተኛ በሆነበት ወር ይለካ፤ ልኬቱም በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የአካባቢው ሕዝብ ሊቆጥረው የማይችለው ሊትር ሊጠብቀው የማይችለው ሊትር ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ከውሃው የሚገኘው ክፍያ ወደ ውሃው መነሻ መመለስ አለበት። ረግረጉን ከግጦሽ፣ አስታውን ከእሳት፣ ደኑን ከምሣር ጠብቅ የሚባለው ገበሬና አርብቶ አደር ለዚህ መታቀቡ እስካሁን የሚያገኘው ምስጋና ብቻ ነው። ምስጋና ከብት አይቀልብም። ከየጠርሙሱ የምትሰበሰብ ጥቂት ሳንቲም የላይኛውን መንደር ቧንቧ ብታስገባ፣ ተራራው በዘበኛ ብቻ ሳይሆን በጥቅሙ ባለቤቶች የሚጠበቅ ይሆናል።

በሦስተኛ ደረጃ ጠርሙሱ የሚመለስበት ሥርዓት መዘርጋት አለበት። ይህ ከውጭ የሚቀዳ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የቢራ፣ የለስላሳና የአምቦ ጠርሙስ ባዶውን ሳይመልሱ ሙሉውን መውሰድ እንደማይቻል እያንዳንዱ ባለ ሱቅ ያውቃል። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለሚጣል ጠርሙስ ጭምር የመያዣ ገንዘብ ማስከፈል ግዴታ ሆኖ፣ አብዛኛው ጠርሙስ ወደ ሻጩ ይመለሳል። በእኛም አገር ለፕላስቲክ ጠርሙስ መያዣ ቢቆረጥለት፣ ከመኪና ጎን እየሮጠ የሚጠይቀው ሕፃን ሳይሆን ገዢው ራሱ ያስቀምጠዋል። ሙሉውን ጭኖ ወደ ሮቤ የመጣ የአከፋፋይ መኪናም ባዶውን ጨምቆ ይዞ ይመለስ። የማጓጓዣው ዋጋ ሰብሳቢው ድሃ ላይ ሳይሆን ከሽያጩ ባተረፈው ላይ ይውደቅ።

በመጨረሻም መንግሥታዊ ድርጅቶችና መሥሪያ ቤቶች ከራሳቸው ይጀምሩ። ስለ ውሃ እጥረት ለመምከር በተጠራ ስብሰባ፣ በጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሮ ማየት የተለመደ ሆኗል። ግማሹ ተጠጥቶ ግማሹ በጠርሙሱ ይቀራል። ስብሰባው ሲያበቃም ከነጠርሙሱ ይጣላል። የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የቧንቧውን ውሃ በጆግ አስቀርቦ በሕዝብ ፊት የማይጠጣ ከሆነ፣ ሕዝቡ ያንን ውሃ እንዲያምን እንዴት ይጠይቃል? በጆግ መቅዳት ወጪ መቆጠብ ብቻ አይደለም፤ ባለሥልጣኑን ወደ ወረፋው የሚመልስ እርምጃ ነው። ወደ ወረፋው የተመለሰ ባለሥልጣን ደግሞ ቧንቧውን ያስጠግናል።

የባሌ ተራራ ለዘመናት ለከብቱም ለሰውም፣ ለደጋውም ለቆላውም ያለዋጋ ሲያጠጣ ኖሯል። ያለዋጋ መስጠቱ ግን ዋጋ የሌለው መሆኑን አያሳይም። በሐረና ቡሉቅ ያለች እናት ከታመነ ቧንቧ እስክትቀዳ ድረስ፣ ከዚያ ደጋ በጠርሙስ ተሞልቶ የሚወጣ እያንዳንዱ ሊትር ማንን አስቀድሞ እንደወጣ ሊጠየቅ ይገባዋል። ውሃው የጋራ ነው ብሎ ሕጉ ከጻፈ ሃያ አምስት ዓመት አልፏል። የቀረው ሥራ ይህን ቃል በምንጩ አፍ ላይ በተግባር መተርጎም ነው።